መሰላሉን ማን ይያዝልኝ?

ጤና ይስጥልኝ፤

የ61 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት አለፈው። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። ቢሆንም ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው፣ እወደዋለሁ። ባለቤቴ በእጁ የማይሠራው ነገር አልነበረም። ጣራ ቢያፈስ እሱ፣ አጥር ቢዘም እሱ፣ ቦይ ቢደፈን እሱ። እኔ መሰላሉን ብቻ ነበር የምይዝለት። “ጠበቅ አድርገሽ ያዢ እንጂ፣ ሐሳብሽ የት ነው?” ይለኝ ነበር።

ዘንድሮ በልጉ ሲገባ ጣራው ማፍሰስ ጀመረ። መኝታ ቤት ሁለት ባልዲ ደቅኜ ነው የማድረው። ከቤቱ ጀርባ ያለው የድንጋይ ካብ ሆዱን ገፍቷል። ጓሮ ያለው ባህር ዛፍ ወደ ጎረቤቴ ማድ ቤት አዘንብሏል። ባለቤቴ ትልቁ ልጃችን የተወለደ ዓመት የተከለው ነው። የግድግዳው ምርጊትም እየተላጠ ነው። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል።

አምና ልጄ ለጣራው ብሎ ከጅዳ ገንዘብ ላከልኝ። አንድ ሙያተኛ መጥቶ አየና “ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት” አለኝ። ቆርቆሮ ልግዛ ብሎ ግማሹን በቀብድ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። ውልም ምስክርም አልነበረኝም። ለልጄ ግን ተሠርቷል አልኩት። እስከ ዛሬ “እማ፣ ጣራው እንዴት ነው?” ሲለኝ “ደህና ነው” እላለሁ። የቀረውን ገንዘብ አልነካሁትም።

ዋርሳዬ አናጺ ነው፤ እዚሁ ከተማ ነው ያለው። ግን ተኳርፈናል። የባለቤቴ አርባ በወጣ ማግስት መጣና የመሣሪያ ሳጥኑን ጠየቀኝ። መጋዙን፣ መሮውን፣ ቱንቢውን። “ገና አፈሩ ሳይደርቅ ልትወርስ መጣህ?” አልኩት። ምንም ሳይመልስ ወጣ። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ከሩቅ እጅ እንነሳሳለን እንጂ ከዚያ በኋላ ደጄን ረግጦ አያውቅም።

የጎረቤቴ የሐጂ ልጅ “እትዬ፣ እኔ ወጥቼ አየዋለሁ፣ ገንዘብ አልፈልግም” ይለኛል። ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። እኔ ግን ሰው በነጻ ማሠራት ልመና ይመስለኛል። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ደግሞ “ሽጪውና ነይ፣ ምን ያሰቃይሻል?” ትላለች።

ባለፈው ቅዳሜ ራሴ ልወጣ ሞከርኩ። አራተኛው እርከን ላይ ስደርስ መሰላሉ ተንሸራተተ። ክንዴ ከመላጡ በቀር ብዙ አልተጎዳሁም። ግን መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። ያለቀስኩት አሞኝ አልነበረም። ማንን ልጥራ?

መሰላል ያዥዋ፣ ከደሴ

*

እትዬ፣ አብሽሩ። የወሎ ልጅ ባልሆንም ይቺን ቃል ከእናንተው ተውሻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ውድቀቱ። ክንድዎ ተላጠ ብለዋል። ወገብዎንስ? ዳሌዎንስ? ከወደቁ በኋላ የሚያምዎት ነገር ካለ “ይለቀኛል” ብለው አይቀመጡ፣ ሐኪም ይየው። መሰላሉ ላይ ግን ከእንግዲህ አይውጡ። ስለ ቀረው ነገር እንመካከራለን፤ በዚህኛው ላይ ግን አልደራደርዎትም።

ደብዳቤዎ ውስጥ ያሉት ሥራዎች አንድ ላይ ሲቆለሉ ተራራ ይሆናሉ። ጣራ፣ ካብ፣ ዛፍ፣ ምርጊት። እርስዎ “ማንን ልጥራ?” ሲሉ አራቱንም የሚሸከም አንድ ሰው የሚፈልጉ ይመስለኛል። አራቱንም ይሸከም የነበረው አንድ ሰው ነበረና። አሁን ግን ለየብቻ እንያቸው። እያንዳንዱ የተለየ ሰው ይፈልጋል፤ አንዱማ ለጊዜው ማንንም አይፈልግም።

እሱ ምርጊቱ ነው። ይተዉት። ከሁሉ በላይ ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ስለሆነ እጅዎ ወደ እሱ ይሄዳል፣ አውቃለሁ። ጭቃ ግን ፀሐይ ይፈልጋል። አፈሩ ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ቀናት ሰንብቶ፣ እንደገና ተረግጦ ነው የሚለጠፈው። ከተለጠፈ በኋላም ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ሰኔ ላይ ያስመረጉት ግድግዳ ሐምሌ ላይ ወለልዎ ላይ ያገኙታል። ከመስቀል በኋላ፣ የጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ ይደርሳል። ደግሞስ ምርጊቱን የሚልጠው ከላይ የሚወርደው ውሃ ከሆነ፣ ጣራው ሳይያዝ ግድግዳውን መምረግ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ስለዚህ ጣራው ይቅደም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። “ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት” ያለዎት ያ ቀብድ ይዞ የጠፋው ሰው ብቻ ነው? ሌላ ሰው አይቶታል? ሐቀኝነቱን ብቻ ሳይሆን ንግግሩንም አብሬ እጠራጠራለሁ። የቆርቆሮ ጣራ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው በሚስማሩ በኩል ነው። ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለችው ጎማ በፀሐይ ብዛት ትሰነጠቃለች፣ ሚስማሩም ይላላል፣ ውሃ በዚያ ይገባል። እንዲህ ከሆነ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በተረፈ ዝገት የበላቸውን ሁለት ሦስት ቆርቆሮዎች መቀየር ይበቃ ይሆናል።

ራስዎ ሳይወጡ የሚያዩበት መንገድ አለ። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ካለ፣ በቀትር ፀሐይ በርና መስኮቱን ይዝጉና ቀና ይበሉ። ብርሃን እንደ ኮከብ የሚያበራበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው። በወረቀት ሥዕል አድርገው ይያዙት፤ መምህር ነዎት፣ ይህ አያቅትዎትም። ብቻ ባልዲው ያለበት ቦታ አያታልልዎት። ውሃ ከገባበት ተነስቶ ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት፣ ሞራሌውን፣ ተከትሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ነው የሚንጠባጠበው።

ቆርቆሮ መግዛት ግድ ከሆነ እርስዎ ራስዎ ይግዙት። ሱቅ ሲገቡ ጌጁን ይጠይቁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 32 ከባለ 28 ይሳሳል ማለት ነው። “ይሄ ይረክሳል” ሲልዎት ቁጥሩን ሳያዩ ገንዘብ አያውጡ። ለአሁኑ ሥራ የሚያስፈልገውን ቆርቆሮ ብቻ ይግዙ፣ አስቀድመው አይከምሩ። እኔ አንድ ክረምት ለጓሮ ግንብ ብዬ ስሚንቶ ቀድሜ ገዝቼ፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ መሬት ላይ ደርድሬ አስቀመጥኩ። እርጥበት ገብቶት ሁለቱ ከረጢት ድንጋይ ሆነ። እስከ ዛሬ የአጥር በር መደገፊያ አድርጌዋለሁ።

ሙያተኛውን የት ያገኛሉ? ከአደባባይ አይልቀሙ። ቅሬዎ (ዕድርዎ) ውስጥ አምና ወይም ካቻምና ጣራ ያሠራ ሰው አይጠፋም። ሄደው ቤቱን ይዩት፣ በዝናብ ያፈስ እንደሆነ ባለቤቲቱን ይጠይቋት። እውነቱን የምትነግርዎ እሷ ናት። ከዚያ ከሙያተኛው ጋር ሲስማሙ ትንሽ ወረቀት ይጻፉ። ምን እንደሚሠራ፣ በስንት፣ በስንት ቀን። ሦስት ምስክር ይፈርም፣ የመታወቂያውን ፎቶ በስልክዎ ያንሱ። ይህን ሲሉት “አላመኑኝም” የሚል ሙያተኛ ካለ ይሂድ። ዕቃው የእርስዎ ስለሆነ ቀብድ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። የእጁን ዋጋ ሥራው እየሄደ ይከፍሉታል። የተወሰነውን ግን ጣራው አንድ ጠንካራ ዝናብ እስኪያይ ድረስ ያቆዩት። ይህንንም ወረቀቱ ላይ ያስገቡት፣ ኋላ ጭቅጭቅ እንዳይሆን።

ዛፉ ሌላ ጉዳይ ነው። ዋርሳዎም ቢሆኑ፣ የሐጂ ልጅም ቢሆን፣ ማንም ደግ ሰው እንዲቆርጥልዎ አይፍቀዱ። ያዘነበለ ባህር ዛፍ፣ ከሥሩ ማድ ቤት ያለበት፣ በገመድ እየተያዘ ከላይ ወደ ታች በቁራጭ የሚወርድ ነው። ሥራው ዛፍ መቁረጥ የሆነ ሰው ይጥሩ። በአጠገቡ የመብራት ሽቦ ካለፈ ደግሞ ማንም መጋዝ ከማንሳቱ በፊት መብራት ኃይል ይወቀው፤ 905 ይደውሉ። ቀበሌም ጎራ ብለው ይጠይቁ፤ በኋላ “ማን ፈቀደልዎ?” ከሚሉዎት አሁን ቢሰለቹ ይሻላል። ጎረቤትዎም ያን ዕለት ማድ ቤቷን ባዶ ታድርገው። ክፍያውን ሲነጋገሩ ግንዱ የማን እንደሚሆን አስቀድመው ይወስኑ። ባህር ዛፍ ገንዘብ ነው። አንዳንዱ ቆራጭ እንጨቱን ወስዶ የእጁን ዋጋ ይተውልዎታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ሊወስድ ይፈልጋል።

ባለቤትዎ ልጅዎ የተወለደ ዓመት እንደተከሉት ጽፈውልኛል። እሱን መቁረጥ ቀላል አይደለም። ባህር ዛፍ ግን ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ እርስዎም ያውቁታል። ቆራጩ ጉቶውን እንዳይነቅለው ይንገሩት። በዓመቱ ብዙ ቡቃያ ያወጣል። ሲረዝም እየከረከሙ ዝቅ አድርገው ሊያኖሩት ይችላሉ።

አሁን ወደ ካቡ። ካብ ሆዱን የሚገፋው አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ውሃ ሲሞላ ነው። ደሴ ዳገት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ቦይ ካልመራው ካቡ ሥር ነው የሚጠራቀመው። በባለቤትዎ ጊዜ ቦይ ይደፈን ነበር ብለዋል። ከሳቸው በኋላ የጠረገው አለ? ከሌለ ካቡን ያስረገዘው እሱ ሊሆን ይችላል። አሁን በክረምት አፋፍ ካቡን ማፍረስ አደገኛ ነው። ከበላዩ ያለውን ቦይ መክፈት ግን ይቻላል፤ ይህ ደግሞ የጉልበት ሥራ እንጂ የሙያ ሥራ አይደለም።

የሐጂ ልጅ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

በነጻ ማሠራት ልመና ይመስለኛል ብለዋል። ስሜቱ ይገባኛል። ዕድሜ ልክዎን የሰጡ ሰው ነዎት፣ እጅ መዘርጋት ይከብድዎታል። ግን እስቲ ይንገሩኝ። ይህ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ሳለ ማንበብ ሲያቅተው ከሰዓት አስቀርተው አላስጠኑትም? ካስጠኑት፣ ያኔ ለትርፍ ሰዓቱ እናቱን ገንዘብ ጠይቀዋል? በደቦ አገር ያደግን ሰዎች ነን። ደቦ የሚጠራ ገበሬ ለማኝ አይባልም። ጠላውን ጠምቆ፣ ምሳውን አብስሎ፣ ቀኑን ቆርጦ ነው የሚጠራው። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ልጁን ግን በቀጥታ አይመልሱለት። መጀመሪያ ወደ ሐጂ ቤት ይሂዱ። “ልጃችሁ ቦይ ሊጠርግልኝ ይፈልጋል፣ ፈቃዳችሁ ነው?” ይበሉ። ከዚያ እሁድ ጠዋት፣ ከሦስት አራት ጓደኞቹ ጋር፣ እስከ ምሳ ሰዓት። “እርዱኝ” ሰፊ ቃል ነው፣ ሰው ያስፈራል። “እሁድ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት፣ ቦይ” ሲሉት ግን እሺ ማለት ይቀለዋል። ምሳው ሽሮና ምስር ይሁን። የጾም ከሆነ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ትሪ ይበላል። በጠላው ፈንታ ቃሪቦ ካዘጋጁ ደግሞ የሚቀር ሰው የለም። ለልጆቹ አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሯቸው። ካቡ ሥር ማንም አይቁም፣ ከግርጌውም አፈር አይነካ። የሚቆፈረው ከበላይ ብቻ ነው። ጣራ ላይም እንዳይወጣብዎት። ልጁ ፈቃደኛ ነው እንጂ ሙያተኛ አይደለም። እግሩ ቢሰበር እርስዎም ሐጂም እንቅልፍ አይኖራችሁም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ካቡ ሆዱን ይበልጥ ከገፋ ወይም ድንጋይ መጣል ከጀመረ፣ በዚያ በኩል ባለው ክፍል አይደሩ። ጠግነው የሚክቡት በበጋ ነው።

በክረምት በጎ ፈቃድ ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ። ምናልባት ሰው “ለምን ተመዝግበው አያሠሩም?” ይልዎት ይሆናል። እኔ ግን ገንዘብ የሚልክ ልጅ፣ ያልተነካ ገንዘብም ስላለዎት ያንን ቦታ ምንም ለሌላት ጎረቤትዎ ቢተዉላት ይሻላል እላለሁ።

ይህን ካልኩ፣ ስለ ገንዘቡ። ለልጅዎ የነገሩት ነገር ከጣራው በላይ እንቅልፍ የሚነሳዎ ይመስለኛል። የዋሹት እንዳያዝን ነው ወይስ እንዳይቆጣዎ? ወይስ “እናቴ ብቻዋን አልቻለችም” እንዳይል? መልሱን ለራስዎ ያቆዩት፤ ከመደወልዎ በፊት ግን ይወቁት። ከዚያ ያሳጥሩት። “ልጄ፣ አምና የላክኸውን ግማሹን ሰው በላብኝ፤ አፍሬ አልነገርኩህም። የቀረው አለ፤ አሁን በእሱ ላሠራ ነው።” በዚያው ስልክ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቁ። ገንዘቡ ቢጎድል እንኳ በሌላ ቀን ይሁን። ይቆጣ ይሆናል። ሰው አገር ሆኖ ለፍቶ ያመጣው ነው፤ ቢቆጣ ይገባዋል። ይቆጣ፤ ነገ መልሶ ይደውላል።

ሴት ልጅዎን በተመለከተ፣ “ሽጪው” የምትለው ቤቱን ጠልታ አይመስለኝም። ስለ መሰላሉ ነግረዋታል? ካልነገሯት እንኳ ሳትጠረጥር አትቀርም። እኔ ቤት መሸጥ ኃጢአት ነው አልልም። ምናልባት አንድ ቀን አዲስ አበባ መሄድ የሚበጅዎ ይሆናል። ግን ባልዲ ደቅነው ባደሩ ማግስት የሚወሰን ነገር አይደለም። ለልጅዎ “እስከ መስቀል ስለዚህ አናውራ፤ መስቀልን ነይና አብረን እናስብ” ይበሏት።

የቀሩት ዋርሳዎ ናቸው። ስለሳቸው የጻፉትን ደጋግሜ አየሁት። ምንም ሳይመልሱ ወጡ ነው ያሉኝ። ሙያውን ያስተማራቸው ማን ነበር? ወንድማቸው ከሆኑ፣ ቱንቢውን ሲጠይቁ ምን እየጠየቁ ነበር? ለሥራ ፈልገውት ይሆናል። ለመታሰቢያ ፈልገውት ይሆናል። ወይም በእርግጥ ስግብግብነት ይሆናል፤ አርባው በወጣ ማግስት መምጣታቸው ክፉ ጊዜ ነበር፣ እርስዎም የተናገሩት ከሐዘን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ሁለታችሁም ያንን ቀን ተሸክማችሁ ከሩቅ እጅ ትነሳሳላችሁ።

ጣራውን ይሥሩልኝ ብለው አይጠይቋቸው። ጣራው ይቅርታ ማግኛ፣ ይቅርታውም ጣራ ማስጠገኛ እንዳይመስል። ሳጥኑንም ተሸክመው አይሂዱ፤ ጉቦ ይመስላል። ደግሞስ ሊሰጡ ይፈልጋሉ ወይ? ከመሣሪያዎቹ ውስጥ ከእጅዎ እንዲወጣ የማይፈልጉት አለ? ቁጭ ብለው ሳጥኑን ይክፈቱት፣ ለብቻዎ። የእርስዎን ድርሻ መርጠው ያስቀምጡ። የቀረውን አንድ ቀን፣ ልብዎ ሲፈቅድ ይሰጣሉ። ካልፈቀደም አይስጡ።

ከሳቸው የሚያስፈልግዎ ዓይናቸው ነው። እርስዎ ጣራ ላይ ወጥተው ሚስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ተመታ ወይስ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ የሚለውን ማየት አይችሉም። ሙያተኛው ደግሞ ይህን ያውቃል። ባለሙያ ዘመድ ከታች ቆሞ ቀና ሲል ግን የሙያተኛው እጅ ይስተካከላል። ስለዚህ ይደውሉላቸው። ሰው አይላኩ፣ ሽማግሌም አይጥሩ፤ ነገሩን ያገዝፈዋል። “ያን ቀን የተናገርኩህ ነገር ሲቆጨኝ ኖሯል። አሁን ጣራውን ላሠራ ሰው ይዣለሁ፤ ሐሙስ ይጀምራል። መጥተህ ብታየው ደስ ይለኛል፤ ቡና ይኖራል።” በቃ፣ ከዚህ በላይ አያብራሩ። አልመጣም ካሉዎት ሐሙስ ያው ሐሙስ ነው፣ ሥራው ይቀጥላል። ከመጡ ቡናውን ሦስተኛው ድረስ ያድርሱት፤ ስለ ሳጥኑ እርሳቸው ካላነሱ እርስዎ አያንሱት።

መሰላሉን ደግሞ ዛሬውኑ ለሐጂ ቤት ያውሱት። እስከ መስከረም እዚያው ይቆይ።